አባያ ዳር የቀረችው ታደለች

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ህሊና የሳሎናችንን ወለል በሙሉ በዕቃ ሸፈነችው። እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ወደ አባያ ሐይቅ ወርደው፣ በጀልባ ተሻግረው፣ ማዶ ያለውን በረሃ ሁለት ቀን በእግራቸው ሊያዩ ተነሥተዋል። ሶፋው ላይ ድንኳን፣ ወንበሩ ላይ የዝናብ ልብስ፣ ጠረጴዛው ላይ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትና የእጅ ባትሪ ተቀምጧል። እሷ መሐል ላይ ተንበርክካ ስልኳ ላይ የጻፈችውን ዝርዝር ጮክ ብላ ታነባለች፤ አንዱን ስታስገባ ሌላውን ስታወጣ ረፋዱ አለፈ።

«እማዬ፣ አንቺ በወጣትነትሽ እዚያ ሄደሻል አይደል? የረሳሁት ነገር ካለ ንገሪኝ» አለችኝ።

«ምንም የረሳሽው የለም» ብያት ወደ ጓሮ ወጣሁ። አቮካዶው ሥር ቆሜ ብዙ ቆየሁ። እውነቴን ነው፣ ከዕቃ የረሳችው የለም። እኛም ያኔ ከዕቃ የረሳነው አልነበረም።

ሀያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአዳማ ተመድቤ ዲላ ላይ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰው በማላውቅበት አገር መጀመሪያ ያቀረበችኝ ታደለች ናት። የኮቸሬ፣ የሬኮ ልጅ ናት፤ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ቤት እስካገኝ ድረስ አንድ ወር ሙሉ አልጋዋን አካፍላኛለች። ቆጮ በጎመን መብላት፣ በዚያ ቀይ ጭቃ ላይ ሳልንሸራተት መሄድ፣ በጌዴኦኛ ሰላምታ መስጠት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነበረች።

ታደለች በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ትስላለች። ከላይ ወደ ታች ስማቸውን እየጠራች ትወርድና አባያ ላይ ስትደርስ ግን ትቆማለች። «ልጆቹ ውሃው ለምን ቀላ ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን እነግራቸዋለሁ» ትለኝ ነበር። «ቆይ ግን ሙሉ፣ ከደጄ ቆሜ የማየውን ውሃ አንድ ቀን እንኳ እጄን ሳልነክርበት ላስተምረው?» እውነትም ሰማዩ በጠራ ቀን ከዲላ በላይ ካለው ዳገት ላይ ሆነው ወደ ምዕራብ ሲያዩ፣ ከእንሰቱና ከቡናው አረንጓዴ ወዲያ፣ ሐይቁ እንደ ሸክላ ስባሪ ቀላ ብሎ ይብለጨለጫል።

ጉዞውን ያሰበችው እሷ ናት። ሐሳቡን ያነሣችው ኅዳር ላይ ነው፤ ከየቡና መፈልፈያው የሚመጣው ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከተማውን በሞላበት ሰሞን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት አስተማሪዎች በእረፍት ክፍላችን እንሰበሰባለን፤ ታደለች ከደብተሯ መሐል ሁለት ገጽ ገንጥላ የሳለችውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች። መኪና የሚደርስበት፣ ጀልባ የሚነሣበት፣ የምናድርበት ደሴት፣ ከደሴቱ ማዶ በእግር የምንሄድበት በረሃ፣ ንጹሕ ውሃ የሚገኝበት ቦታ፤ ሁሉም አለበት። ይህን ሁሉ የሰበሰበችው ገበያ ቀን ከቆላ ዓሣ ይዘው ከሚወጡ ሴቶች እየጠየቀች ነው። «ጥር ላይ ሂዱ፤ ግን ከቀትር በፊት ተሻገሩ። ከቀትር በኋላ ውሃው ይቆጣል» ብለዋት ኖሯል። ይህችን ቃል በቀይ እስክሪብቶ አስምራባት ነበር።

ሌላው ያሰመረችበት ደንብ ስለ ሻንጣ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ቦርሳ፣ ከስምንት ኪሎ የማይበልጥ። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ቡና ሰብሳቢ ነበረ፤ ሚዛኑን እንዲያውሰን አስፈቀደችና አንድ ቀን ባዶ ቦርሳችንን ሳይቀር አስመዘነችን።

«ታዱ፣ እኛን ደግሞ ቡና አደረግሽን?» አላት ግርማ። ሁሉም ሳቀ። እሷም አፏን ሸፍና ሳቀችና መጻፏን ቀጠለች።

ስለ ግርማ ካነሣሁ አይቀር እውነቱን ልናገር። የስፖርት አስተማሪያችን ነበር፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጊታር የሚጫወት። እሱ ሲገባ የምናገረው ይጠፋብኛል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ታደለች ግን አውቃብኛለች። እናም ስምንት ኪሎ ለሚለው ደንብ አብሬ ካጨበጨብኩ በኋላ፣ በጉዞው ዋዜማ የአጎቴን ትልቅ የቆዳ ሻንጣ አወጣሁ። አራት ቀሚስ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ መስታወት፣ የፀጉር ቅባት አስገባሁ። የቀሚሶቹ መጨማደድ አሳስቦኝ የከሰል ካውያም ጨመርኩ። አዎ፣ አዞና ጉማሬ ወዳለበት በረሃ ካውያ ተሸክሜ ሄድኩ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ከዚያ ደግሞ አያስቀኝም።

ጠዋት ስንገናኝ ደንቡን ያፈረስኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ግርማ ጊታሩንና የሸራ ድንኳን ይዟል፤ ሌላው ፍራሽ፣ ሌላዋ ድስትና ብረት ምጣድ፣ አንዱ ቴፕ ከነባትሪው። ታደለች አንድ ትንሽ የሸራ ቦርሳ ብቻ በትከሻዋ አንግታለች። ውስጡ ለሁላችንም ያዘጋጀችው ጭኮ፣ የወባ ክኒንና ደብተሯ ነው። ክምሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ይሁን፤ መኪናው ይችለዋል» አለች።

በቆሎ ሊጭን በባዶው ወደ ቆላ በሚወርድ መኪና ነው የሄድነው። ቁልቁለቱን ስንጀምር ቀዝቀዝ ያለው የእንሰት ጥላ ትንሽ በትንሽ ከኋላችን ቀረ። ቡናው ሳሳ፤ ከዚያ ማንጎና ሙዝ ሆነ፤ ከዚያ ግራርና አቧራ ብቻ። ሹራባችንን አወለቅን። ታደለች ከፊት ቆማ፣ በአንድ እጇ የመኪናውን ብረት ይዛ፣ በሌላው ካርታዋን ከመንገዱ ጋር እያስተያየች ነበር። ውሃው ድንገት ከግራሮቹ መሐል ብቅ ሲል «ያውላችሁ! ያውላችሁ!» ብላ ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

ዳርቻው የደረስነው አራት ሰዓት ላይ ነው። ጀልባው የእንጨት ነው፤ ጅራቱ ላይ ትንሽ ሞተር አለችው። ባለቤቱን ጋሽ ገልገሎ ይሏቸዋል፤ ጠና ያሉ፣ ፀሐይ ያከሰላቸው ዓሣ አጥማጅ። ዕቃውን ዙሪያውን እየዞሩ አዩት።

«ይቺ ጀልባ ይሄን ሁሉ አትችልም» አሉ። «ወይ ዕቃ ይቀራል፣ ወይ ሰው ይቀራል። ውሃ አታውቁም እናንተ።»

ክርክሩ ያኔ ተጀመረ። ሁሉም የሌላውን ዕቃ ነው የሚያየው። ፍራሹ ይቅር ሲባል ባለ ፍራሹ ጊታሩን ጠቆመ። ግርማ «ከጊታሩስ ይቺ የሙሉ ሻንጣ ትከብዳለች» ሲል ፊቴ ጋለ፤ «መጀመሪያ ድስቱ ይቅር» አልኩ። ፀሐዩ ወደ ላይ ወጣ። ጋሽ ገልገሎ ሁለት ጊዜ ሰማዩን አዩ።

ታደለች እስከዚያ ድረስ ከውሃው ዳር ቁጭ ብላ ነበር። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ግድ የለም፣ እኔ ልቅር» አለች። «ጋሽ ገልገሎ ቤት እቆያለሁ። ዋናው እናንተ ተሻግራችሁ በሰላም መመለሳችሁ ነው።»

ማንም አልተናገረም። ትዝ የሚለኝ ዝምታው ነው። ውሃው ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል። እሷ ፊቷን ወደኔ መለሰች፤ እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ የሻንጣዬን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመርኩ። ማሰሪያው ግን አልላላም ነበር።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለ አንዱ። ተሳፈርን። ቦርሳዋን አውልቃ ለጋሽ ገልገሎ ሰጠቻቸው፤ «ጭኮውና መድኃኒቱ እዚህ ውስጥ ነው፤ እንዳይርስ» አለች። እሳቸውም በእግራቸው መሐል አስቀመጡት። ከዳር ቆማ እጇን አወዛወዘችልን።

ግማሽ መንገድ ስንደርስ ከቀትር አልፎ ነበር። ነፋሱ ከደቡብ መጣ። ቀዩ ውሃ መጀመሪያ ተሸበሸበ፣ ከዚያ እያበጠ መጣ፤ ጀልባው አፍንጫውን አንሥቶ በወደቀ ቁጥር ውሃ ጭናችን ላይ ይፈስሳል። አንዷ ጓደኛችን መዝሙር ጀመረችና መሐል ላይ አቋረጠችው። ጋሽ ገልገሎ ሞተሩን ይዘው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ዕቃ ጣሉ» አሉን። ማንም አልተከራከረም። ፍራሹ ሄደ። ድስቱ ሄደ። ግርማ ጊታሩን ራሱ ወረወረው። እኔም የአጎቴን ሻንጣ በሁለት እጄ አንሥቼ ገፋሁት፤ ለአፍታ ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ካውያው ወደ ታች ሳበው። ልብ የሚሰብር ነገር መሆን ነበረበት። እኔ ግን ያሰብኩት «ቀትር ሳይደርስ፣ እዚያው ዳር ብንተወው ኖሮ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ደሴቱ ላይ ባዶ እጃችንን ወረድን። የተረፈው የታደለች ቦርሳ ነው። ጭኮዋን ተካፍለን በላን፤ ቅቤው ጣፋጭ ነበር። ሁለት ቀን በለበስነው ልብስ ዞርን። ደሴተኞቹ ዓሣ ጠብሰው አበሉን፣ ቁርበት አነጠፉልን። ማዶ ተሻግረን ጉማሬ አየን፤ አዞ አሸዋ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቶ፣ ከርከሮ ከነልጆቿ ጅራቷን አቁማ ስትሮጥ አየን። ቆንጆ ነበር፤ አልዋሽም። ደግሞም ምንም አልጎደለብንም። የሚያስፈልገን ሁሉ ስምንት ኪሎ አይሞላም ነበር።

ስንመለስ ታደለች ከጋሽ ገልገሎ ሚስት ጋር ተቀምጣ መረብ ስትጠግን አገኘናት። ባዶ እጃችንን ስታይ አንድም ቃል አልጠየቀችም። «ንገሩኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ንገሩኝ» ነው ያለችው። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ የነገርናትን ጻፈች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በክፍሏ መስኮት ሳልፍ ድምፅዋን ሰማሁ። «አዞው አሸዋ ላይ ሲተኛ አፉን ይከፍታል፤ መምህርት ሙሉነሽ በዓይኗ አይታዋለች» እያለች ለተማሪዎቿ ታስረዳለች። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ገብቼ የምለው ነገር ነበረኝ፤ ደወሉ ተደወለና ሄድኩ።

ግርማ በዓመቱ ተዛወረ፤ ከኔ ጋር የሆነ ነገር አልነበረም፣ አልሆነምም። ታደለች አግብታ ወደ ሬኮ ተመለሰች፤ እዚያው አስተምራ ጡረታ ወጣች። ሐይቁን የመሻገር ዕድል ሌላ ጊዜ አላገኘችም። በልጆቻችን ሰርግ፣ በወላጆቻችን ለቅሶ ስንገናኝ ኖረናል። ስለዚያች ቀን ግን አንሥተን አናውቅም።

ቅዳሜ ዕለት አቮካዶው ሥር ቆሜ ደወልኩላት። ስለ ጤና ተጠያየቅን፤ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ «ታዱ፣ ያኔ አባያ ዳር ሻንጣዬን መተው ነበረብኝ» አልኳት።

ከወዲያ ወንበር ስትስብ ተሰማኝ።

«ሻንጣሽን?» አለች። «ይሄን ሁሉ ዓመት የሚከነክንሽ ሻንጣው ነው?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ሙሉ፣ እኔ 'ልቅር' ያልኩት እኮ አንድ ሰው 'አይሆንም' ይለኛል ብዬ ነው። ሌሎቹን ተያቸው። አንቺን ነበር የማየው። ሻንጣሽን ባትተዪውም ግድ አልነበረኝም፤ 'አይሆንም' ብትዪኝ ይበቃኝ ነበር። ያኔም እቀር ነበር፤ ግን ደስ ብሎኝ እቀር ነበር።»

እንባዬ መጣ። «ህሊና እኮ ልትሄድ ነው፤ አብረን እንውረድና ተሻገሪ» አልኳት።

«አሁንማ ጉልበቴም እምቢ ብሏል፤ ውሃም እፈራለሁ» ብላ ሳቀች። አፏን በእጇ እንደሸፈነች ድምፅዋ ይናገራል። «ግን በይኝ፤ ልስማው።»

«አይሆንም፣ አትቀሪም» አልኳት።

«ዘገየሽ» አለችኝ፤ ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ይሁን፣ ሰምቻለሁ» አለች።

ወደ ቤት ስገባ ህሊና ቦርሳዋን ልትዘጋ ስትታገል አገኘኋት። «እስቲ ልጠይቅሽ» አልኳት። «ጀልባው ሁላችሁንም አይችልም ቢባልና ከመሐላችሁ አንዱ 'ግድ የለም፣ እኔ ልቅር' ቢል፣ ምን ትሉታላችሁ?»

ቀና ሳትል መለሰችልኝ። «እሱ ግድ የለኝም ካለ ምን እንለዋለን? ይቀራላ።»

አልፈረድኩባትም። ወንበሩ ላይ ያለውን የዝናብ ልብስ አንሥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ቦርሳውን ተይው፣ ስሚኝ» አልኳት። ሰው «ግድ የለም» ሲል ግድ ሊኖረው እንደሚችል ለመረዳት እኔ አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሷ ቢያንስ ከመሳፈሯ በፊት ትወቀው።