ጋዝ አይጠፋም ያልኩ ቀን

አገሬ ሳለሁ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ካርቱም፣ ዴም የሚባለው ሰፈር ከገባሁ ወዲህ ጥቁር ሰሌዳም ተማሪም የለኝም፤ የማስተማር አመሌ ግን አብሮኝ ተሰድዷል። ሪክሻ የሚሉትን ባጃጅ ተሳፍሬ ስለ አባይ ደለል ለሾፌሩ የማስረዳ ሰው ነኝ፤ ያውም ሳይጠይቀኝ።

የካርቱሙ ጦርነት ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሴቶች ከሰል ትተው በጋዝ እንዲያበስሉ የሚመክር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድመልስ ቀጠረኝ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ደን ያልቃል፣ በረሃው ይገፋል፣ ስለዚህ መንግሥት ጋዙን ይደጉማል፣ ሲሊንደሩንም በቅናሽ ይሰጣል። እኔ ይህን ስንቱን ክፍል ሳደነቁርበት የኖርኩ ሰው! ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አሳመርኩት።

ቀጥሎ ምግብ ቤት ያላቸው የእኛ አገር ሴቶች ዴም ውስጥ አንድ የሰርግ አዳራሽ ተጠሩ። የገበያ ዐረብኛ የማታውቅ አልነበረችም፤ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ባለሙያ ግን የሚናገረው የመጽሐፍ ዐረብኛ ስለነበር እኔ አስተረጉም ነበር።

ከቤቴ ግድግዳ ወዲያ ባለ አራት ጠረጴዛ ምግብ ቤት የነበራት ጎረቤቴ እጇን አወጣች። ምሳዬን በየቀኑ የምበላው እሷ ዘንድ ነበር።

«መምህር፣ ፈሐሙን ከተውን በኋላ ጋዙ መፊ ቢሉንስ? ያኔ ማን ይደርስልናል?» አለች። ፈሐም የምትለው ከሰሉን ነው፤ መፊ ደግሞ የለም ማለት ነው።

ጥያቄዋን አስተላለፍኩ። ባለሙያው ረጅም መልስ ሰጠ። በበጀቱ ይወሰናል፣ በውጭ ምንዛሬው ይወሰናል፣ አንድ ኮሚቴ እያጠናው ነው፣ ኢንሻላህ መልካም ይሆናል። እኔ ደግሞ ግልጽ ጥያቄ ተጠይቆ የሚያድበሰብስ ሰው ያናድደኛል። ያን ሁሉ ልፍለፋ ለእነዚያ ሴቶች ማቅረብ አሳፈረኝ። ደግሞም በጉዳዩ አምኜበት ነበር። ስለዚህ አሳጠርኩትና፣

«ጋዝ አይጠፋም፤ መንግሥት ዋስ ነው» አልኳቸው።

ሰውየው ይህን አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጎረቤቴ ባለሙያውን አላየችውም፤ እኔን አየችኝ። «እሺ በቃ» ብላ ተቀመጠች።

በሳምንቱ የከሰል ምድጃዎቿን ሸጠች። እሱ ባልከፋ፤ የከፋው ሽማግሌው ከሰል ሻጭ ጋ መሄዷ ነው። በክረምት ከሰል የሚጭኑት መኪኖች ጭቃ ይይዛቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምግብ ቤት ዝናቡ ሳይጀምር ድርሻውን ለከሰል ሻጩ ይነግራል፣ እሳቸውም በሸራ ሸፍነው ያስቀምጡለታል። ወረቀት የለውም፤ በቃልና በደንበኝነት ዕድሜ የሚያዝ ቦታ ነው፤ አንዴ የለቀቀ መልሶ አያገኘውም። ሌላዋ ብትሆን ዝም ብላ ሁለቱንም ትይዝ ነበር። እሷ ግን ቀጥ ያለች ሴት ናት። ሽማግሌው እንዳይጎዱ ብላ፣ «ያ ሐጅ፣ የእኔን ድርሻ ለሌላ ስጡት» ብላቸው መጣች።

አንድ ዓመት ያህል ደግ ነበር። የወጥ ቤቷ ግድግዳ ነጣ፣ ሳሏ ተዋት። እኔም ምሳዬን እየበላሁ «አየሽ?» እላለሁ፣ እሷም «አየሁ መምህር» ትለኛለች። እንዴት ያለ ኩራት ነበረኝ!

ከዚያ መንግሥት ካዝናው ባዶ ነው አለና ድጎማውን አነሳ፤ መጀመሪያ ከነዳጅ፣ ቀጥሎ ከጋዝ። ጋዜጣውን አንብቤ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ድጎማ ከድሃው ይልቅ ትልልቅ መኪና ያለውን ይጠቅማል ብዬ ስንቴ ተከራክሬያለሁ! በዚያው ሰሞን ደኑን ለመጠበቅ ተብሎ የከሰል ቀረጥ ጨመረ። ለዚያም ነቀነቅኩ። ዛሬም ቢሆን አንዱን ለብቻው አምጥታችሁ ብትጠይቁኝ ልክ ነው እላለሁ። ሁለቱ ተያይዘው ባለ አራት ጠረጴዛ ምግብ ቤት ላይ ሲወድቁ ግን ምን እንደሚባል የተማርኩት ትምህርት የለም።

ጋዙ መጀመሪያ ተወደደ፣ ቀጥሎ ጭራሹን ጠፋ። ጠዋት ባዶ ሲሊንደሯን ይዛ ትሰለፋለች፤ ቀትር ላይ ደምበኞቿ መጥተው የተዘጋ በር አይተው ይመለሳሉ። ዝናቡም ጀመረ። ከሰል ያልተዉት ሴቶች «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ። እኔ ስሰማ ነው የሚሉት።

አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳች። «መምህር፣ ያላ፣ ሐጁ ጋ አብረን እንሂድ። እርስዎን ያከብራሉ» አለችኝ።

ሄድን። ሽማግሌው አስቀመጡን፣ ውሃ ሰጡን። ያለኝን ዐረብኛ ሁሉ አወጣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ደን አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ከሰል ለመንኩ። ሽማግሌው እስክጨርስ ሰሙኝና ተነስተው ሸራውን ገለጡት።

«ያ ኡስታዝ፣ ወላሂ እህቴ ናት። ግን ይህ ሻይ የምትሸጠዋ የሙት ሚስት ድርሻ ነው። ይህ የባቄላ ቀቃዩ ነው። ይህ ጥግ ያለው የዳቦ ጋጋሪዋ ነው። ከየትኛው ላንሳ? አንተ ንገረኝ።»

ጆንያዎቹን አየሁ። አንዱን ብጠቁም አንድ ቤት ይዘጋል። መምህር ተብዬው እንደ ሰነፍ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ።

መጀመሪያ የተነሳችው እሷ ናት። «ማዓሌሽ ያ ሐጅ» አለቻቸው፤ አይዞዎት ማለቷ ነው። ሽማግሌው ከራሳቸው ቤት ፍጆታ አንድ ፌስታል ከሰል ሰጧት። ለሁለት ቀን በቃት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምግብ ቤቱን ዘጋች። ዐማራት አንድ ቪላ ውስጥ የማብሰል ሥራ አግኝታ ነበር፤ ጋዝ በሲሊንደር በሲሊንደር የተደረደረበት ቤት ነው አሉ። የራሷ እመቤት የነበረችው ሴት፣ በዚያ ዕድሜዋ «ነይ» ስትባል አቤት ልትል ነው።

ጠረጴዛዎቿን የአህያ ጋሪ ላይ ስትጭን ሴቶቹ ሊሰናበቷት ተሰበሰቡ። እኔም ወጣሁ። አንዷ ገና እንዳየችኝ፣ «ይኸው መጡ! ጋዝ አይጠፋም ያሉን መምህር!» አለች።

ጎረቤቴ የያዘችውን ወንበር አስቀመጠችና ዞረችባት።

«ተያቸው! እሳቸው ምን አደረጉ? ያ ሰውዬ ያለውን ነው የነገሩን። ውሸት አልጨመሩ፣ ከራሳቸው አላወጡ።» ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብላ፣ «አይዘኑ መምህር። እርስዎ የሰሙትን ነው ያስተረጎሙልን» አለችኝ።

ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አፌንም ከፍቼ ነበር።

«እግዜር ያክብርሽ» አልኳትና ወንበሩን አንስቼ ጋሪው ላይ ጫንኩላት።