ሙጀሂድ ክፍተት ሲተው

ሙጀሂድ ሞጣ ውስጥ የሠራቸው በሮች መርፌ አያሾልኩም ይባላል። ሠላሳ ዓመት በአናጺነት የኖረው በዚህ ስም ነው። ልጄ ሥርጉት እዚህ ቢቸና የማድቤቷን ወለል ላሚኔት የሚባለውን ስስ የወለል ጣውላ ልታስነጥፍ ስታስጠራው ግን፣ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጣውላ ሳይቆርጥ ቀረ።

ማድቤቷ አስቸጋሪ ናት። ቤቱ ሲታደስ የድሮው ክብ ቤት ግድግዳ በአንድ ወገን ሳይፈርስ ስለቀረ፣ ሦስቱ ግድግዳዎች ቀጥ ብለው አራተኛው እንደ ማጭድ ጎብጧል። ሙጀሂድ ከበሩ ይለካል፣ ከመስኮቱ ይለካል፣ ቁጥሩን የግድግዳው ኖራ ላይ ይጽፋል፣ ግቢውን ዞሮ ይመለስና ያጠፋዋል። ቁጥሮቹን አነበብኳቸው፤ አንዱም ከሌላው አይስማማም።

«እማማ፣ እየሳቁብኝ ነው?» አለኝ።

«ምን ያስቀኛል! ይልቅ ተቀመጥ፤ ወለሉን በእግርህ ጨረስከው።»

ሲቀመጥ ነገረኝ። አምና የእህቱን የኸይራትን ሳሎን ሲያነጥፍ ላሚኔቱን እንደ በር አጥብቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ አበጠና መሀሉ እንደ በሬ ሻኛ ተነሣ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ረገጠው። ኸይራት ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ወለል ነክቶ አያውቅም።

«ይኼም ካበጠ መጋዜን እሰቅላለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ከግድግዳው ራቅ አድርገዋ!»

«እሱንማ አውቄያለሁ። በቀጥታው በኩል ግድግዳው ግርጌ ላይ የሚመታው ጠባብ ጣውላ፣ ዞኮሎው፣ ክፍተቱን ይሸፍነዋል። በጎባጣው በኩል ግን ዞኮሎው አይታጠፍልኝም፤ ክፍተቱ ለመጣ ለሄደው ይታያል። እጄ እምቢ አለኝ፣ እማማ።»

በሦስተኛው ቀን ካርቶን ቀድዶ ጎባጣው ላይ አስደገፈና ቅርጹን ወሰደ። ጣውላው ላይ ልክ ግድግዳውን ተከትሎ አሰመረ፤ አጠፋው። አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ አሰመረ፤ አየው፤ ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ፤ ተመለሰ። ከዚያ ቆረጠ።

ሥርጉት ከምታስተምርበት ስትመለስ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ውይ ጋሽ ሙጀሂድ! እዚህ ጋ እኮ ጣቴ ይገባል!» አለች።

«ይግባ» አላት። «ክረምት ሲመጣ የሚያብጥበት ቦታ ይኑረው። ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅሽ ካለም፣ ሙጀሂድ ነው በይ።»

ሥርጉት ደብተሮቿን ይዛ ገባች። እሱ ተንበርክኮ የራሱን ጣት ክፍተቱ ውስጥ ከተተ፤ አወጣና እንደገና ከተተ።