የታመነና የሁለቱ ክፍት መኪኖች ነገር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ቢመዘን ስንት ይሆናል? ቡና ይመዘናል። ኬሻው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ የኬሻው ክብደት ይቀነሳል፣ የቀረው ቡና ነው። ሰው ላይ ሲመጣ ግን ኬሻው የትኛው፣ ፍሬው የትኛው እንደሆነ የሚለይ እስካሁን አልተገኘም። ታመነም ቢሆን ጥያቄውን በዚህ መልክ አላነሳውም። እሱ ያነሳው በሹፌር ቋንቋ ነው፤ "ይህን ሁሉ መንገድ ስነዳ ማን አየኝ?" ነበር ያለው።

ከከምባታ ወደ ሊሙ የመጣው ገና ጢም ሳያበቅል፣ ቡና ለቃሚ ሆኖ ነው። ከለቃሚነት ወደ ጫኝነት፣ ከጫኝነት ወደ ረዳትነት፣ ከዚያ ወደ መሪው ወጣ። ከመሪው ወዲህ ያለው ታሪኩ የመንገድ ታሪክ ነው፤ አጋሮ፣ ገራ፣ ሊሙ ገነት፣ ተመልሶ ጅማ። እያረጀ ሲመጣ የራሱን አይሱዙ ገዛ። "ቡናው ገባ" ይባላል፤ "አይሱዙው ገባ" ይባላል፤ "ታመነ ገባ" ያለ ግን ከሚስቱ ከጵርስቅላ በቀር አልነበረም።

በሠርግ ወራት አይሱዙው አጃቢ ይጭናል። ሙሽሮቹ ከፊት በቤት መኪና ይሄዳሉ፣ ሚኒባሶቹ ይከተላሉ፣ በመጨረሻ ወጣቱ ላዩ ላይ ቆሞ የሚጨፍርበት የታመነ መኪና ይመጣል። ፊተኞቹ ያስነሱትን አቧራ ሁሉ የሚውጠው ኋለኛው ነው። ፊት የሚሄደው ሹፌር ግን የመንደሩ ሁሉ ዓይን ያርፍበታል፤ እልልታውም በእሱ ላይ ነው የሚወርደው። ታመነ እንዲህ ያለ አጀብ ከፊት ሆኖ መምራት አማረው። ለማንም አልተናገረም። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ አማረኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

ስለዚህ ልጁ ያቤፅ፣ "አባ፣ አይሱዙው ይሸጥና ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ገዝተን ለሠርግ እናከራይ" ሲለው፣ "ይሁን" አለ። ያቤፅ ለክርክር ተዘጋጅቶ ስለነበር ግራ ገባው። የጅማው ሄርማታ ገበያ ነጋዴ ልጅ የሆነው ጓደኛው መሐሙድ በግማሽ ድርሻ ገባ።

ሁለት ክፍት መኪኖች ለአንድ የአጋሮ ሠርግ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ባለቤታቸው ገብረሥላሴ አንዷን ሸጦ መመለስ ስለፈለገ፣ ጅማ አወቱ ወንዝ ዳር ካለው ላቫጆ አሳጥቦ ጎን ለጎን አቆማቸው።

"እንግዲህ ምረጡ" አለ። "ይቺ ቮልስዋገን፣ ያቺ ኦዲ። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው አንድ ነው።"

"እናታቸውስ?" አለ መሐሙድ።

"እናታቸው እኔ ነኛ! ያለበስኩ ያበላሁ።"

አባታቸው አንድ ይሁን እንጂ መልካቸው ለየቅል ነው። የቮልስዋገኗ ጣሪያ ብረት ነው፤ ሲከፈት ተጣጥፎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገባል፤ ሲዘጋ የምትከፈት መኪና መሆኗን የሚጠረጥር የለም። የኦዲዋ ጥቁር ሸራ ነው። ሁለቱም ባለ ሁለት በር፣ ሁለቱም ባለ አራት ወንበር፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ።

"ብረት ብረት ነው" አለ ያቤፅ። "ዝናብ ከመጣ ዘግቶ መሄድ ነው።"

"ወላሂ አንተ ሰው አታውቅም!" አለ መሐሙድ። "ለሠርግ አራት ቀለበት ግንባሯ ላይ የደረደረች መኪና እያለች!"

ታመነ ሁለቱን ሲዞር ቆየና፣ "ሙሽራዋ በየት ነው የምትገባው?" አለ።

ሁሉም በሮቹን አዩ። ወደ ኋላ ወንበር ለመግባት የፊተኛው መታጠፍ አለበት፤ በዚያች ቀዳዳ ቬሎ የለበሰ ሰው ይለፍ አይለፍ ያሰበበት አልነበረም።

ያቤፅ እህቱ ጋ ደወለ። ጸጋ ከጽዮናዊት የቬሎ ቤት አንዱን ሰፊ ቀሚስ ተውሳ፣ ግማሹ በባጃጁ በር እየተንጠለጠለ መጣች።

"እኔን ሳትድሩኝ ቬሎ አለበሳችሁኝ?"

"አንቺን ስንድር ከባድ መኪና ነው የምንከራየው" አለ ወንድሟ።

ጣሪያው እንደተዘጋ ቮልስዋገኗ ውስጥ ልትገባ ሞከረች። ጭንቅላቷ ገባ፣ አንድ ትከሻዋ ገባ፣ ቀሚሱ በሩ ላይ ቀረ። "ሳቡኝ! ኧረ ተዉ አትሳቡኝ፣ ይቀደዳል!" በኦዲዋም ያው ሆነ።

"ሜ፣ እስቲ ጣሪያውን ክፈቱት" አለ መሐሙድ። የሁለቱም ተከፈተ፤ ያቤፅና መሐሙድ አንስተው ተራ በተራ ከላይ አስቀመጧት። ከዚያ ያቤፅ ሙሽራ መስሎ አጠገቧ ገባ። የፊት ወንበሮቹ እንደነበሩ ሆነው፣ ቮልስዋገኗ ውስጥ ጉልበቱ የሚያርፍበት አጣ፤ ኦዲዋ ትንሽ ላላ አለችላቸው፤ የቀሚሱም ትርፍ ከኋላ መደገፊያው ላይ ተዘረጋ።

ታመነ ሸራውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቡና ከዝናብ ያዳነው በሸራ ነው፤ ሸራ ሲዋሽና እውነት ሲናገር ያውቃል።

"ሸራ ቢቀደድ ይሰፋል" አለ። "ያ ብረት ግማሽ መንገድ ላይ አልታጠፍም ቢል ጅማ ውስጥ ማን ይፈታዋል? ዝናቡን ተዉት፤ ሙሽራዋ በድንኳን ስር ትገባለች፣ ከገባች በኋላ ይዘጋል።"

ለክርክሩ ይህ በቂ ነበር። ለራሱ ግን ሌላ ምክንያት ነበረው። ሰዎቹ ቀሚሱን ሲያነሱ ሲጥሉ እሱ ተራ በተራ የሹፌሮቹን ወንበር ሞክሯል። ቮልስዋገኗ ውስጥ የፊቱ መስተዋት ክፈፍ ወደ ግንባሩ ተጠግቶ ሸፈነው፤ ኦዲዋ ውስጥ ከአንገቱ በላይ ለመንገደኛው ወለል ብሎ እንደሚታይ ገባው። ሰው ሁለት ነገር ሲያወዳድር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ራሱን ነው፤ ይህንንም ለሌላው አይነግርም።

"እስቲ ልሞክራት" አለ።

ጸጋና ያቤፅ ከኋላ፣ መሐሙድ ስልኩን ደግኖ ከጎን ተቀመጡ። ታመነ ቀስ ብሎ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ሰው ዞር ዞር አለ፤ ልጆች ሮጡ፤ በቆሎ የምትጠብስ ሴት እሳቷን ትታ ቆመች። ታመነ ጀርባውን አቀና። በአንድ እጁ ነበር የሚነዳው።

መታጠፊያው ላይ አንድ ባጃጅ ሹልክ ብሎ ፊቱ ገባ። አይሱዙ ነድቶ ያረጀ እግር አሳቢ አያስፈልገውም። ቀኙ ፍሬን ሲረግጥ፣ ግራው ደግሞ ፍሪሲዮን ሊረግጥ በሙሉ ኃይሉ ወረደ። እዚያች መኪና ላይ ፍሪሲዮን የለም፤ ማርሿን ራሷ ነው የምትቀይረው። ሁለቱም እግሮች ፍሬኑ ላይ ተገናኙ። መኪናዋ እንደ ችካል ተተከለች። ጸጋ ከነቬሎዋ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ወደ ፊት መጣች፤ ዓይነ ርግቡ ከራሷ ወልቆ የታመነ ራስ ላይ አረፈ።

የተጎዳ አልነበረም። በቆሎ ጠባሿ፣ "እልልልል! ሹፌሩን ዳርነው!" ስትል መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ታመነም ሳቀ። የመሐሙድ ስልክ ግን መቅረጹን አላቆመም ነበር።

ኦዲዋ ተገዛች። መሐሙድ ቪዲዮውን ለማስታወቂያ ብሎ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው፤ መኪናዋን ጅማ በአንድ ሳምንት አወቃት፤ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ሳይቀር ይደወል ጀመር። ሙሽሮቹ ቀኑ ክፍት መሆኑን ከጠየቁ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጨምራሉ፤ "እኚያ ዓይነ ርግብ የለበሱት አባት ግን አይነዱም አይደል?"

መነጽር የሚያደርግ፣ ሱፍ የሚያምርበት ወጣት ሹፌር ተቀጠረ። ለታመነ የሸራው ነገር ተተወለት። እርጥብ ሳለ እንዳይታጠፍ ይጠብቃል፣ ስፌቱን ያያል፣ ወጣቱን ይቆጣል። ሠርግ ሲሆን መኪናዋን አጽድቶ በር ላይ ያስረክባል፤ ስትመለስ ተቀብሎ አበባውን ያነሳላታል። ከሩቅ ለሚያየው የተመቸው ሰው ይመስላል፤ ብዙውም ነገር ተመችቶት ነበር።

የሠርግ ወራት ሊጋመስ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ያቤፅንና መሐሙድን ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ጠራቸው። ጵርስቅላ ዳቦ አቀረበች። እሱ አልቀመሰም።

"አንድ ሠርግ ስጡኝ" አለ። "የሀብታም አይሁን። የገራ ገበሬ ይሁን፣ ካሜራ የሌለው፣ ስልክም የማይሠራበት። መሐሙድ፣ ሳቅህን ተው። ልምምዱን ጠዋት ጠዋት ከከተማ ውጪ እሠራለሁ። ግራ እግሬን ወንበሩ ስር አጥፌ አስቀምጠዋለሁ፤ ካላመናችሁኝ እሰሩት። አንድ ቀን ብቻ ከፊት ሆኜ ልንዳ።"

"እርስዎ ካሉ ምን ገዶኝ፣ ኢንሻአላህ" አለ መሐሙድ።

"እናያለን፣ አባ" አለ ያቤፅ፤ ስልኩ ሲጮህ ሊያነጋግር ወደ ውጪ ወጣ።

የሠርግ ወራቱ አለፈ፤ ሌላም መጣ። ከገራ ሁለት ሠርግ ተጠርቶ ወጣቱ ሹፌር ነዳላቸው፤ ታመነ መኪናዋን አጽድቶ በር ላይ አስረከበ።