ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እንግዶች

ዛሬ ማለዳ በመስኮት ስመለከት የሰፈራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሳይነጋገሩ ወደ እኛ ቅያስ ሲታጠፉ አየሁ። እናቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኛች ሦስት ሳምንቷ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ አዳማ፣ ጎረቤቶቻችን ከውጭ አገር የመጡ ሚሲዮናውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ ሩት ካሜራዋን አንጠልጥላ ጥምቀቱንም ሠርጉንም ሳታነሳ አታልፍም ነበር። አንድ ቀን እናቷ በአገሯ ሞቱ። ወሬው ቀድሞ ለባሏ ደረሰ። ሊነግራት ሲቸኩል አሮጊቷ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ እጁን ያዙት።

"መርዶ እንዲህ በሩጫ አይነገርም፣ ልጄ። ዛሬን ትተኛ። ጠዋት ሁላችንም እንመጣለን።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲሄዱ የእናቴን ቀሚስ ጫፍ ይዤ አብሬ ሄድኩ። ግቢያቸው እርጥብ አፈርና የፓፓያ ቅጠል ይሸት ነበር። ሩት በሩን ከፍታ ስታየን ፊቷ በራ።

"እንዴት አምሮባችኋል! ዛሬ ደግሞ ምን በዓል ነው?" ብላ ካሜራዋን ልታመጣ ሮጠች። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናቴ ልትናገር ስትል እትዬ ዘነቡ ክንዷን ነካ አደረጓት። "ተያት፣ ታንሳን" አሏት በቀስታ። "አንስታን እስክትጨርስ እናቷ አልሞቱባትም።"

ተደርድረን ቆምን። ሩት "ሳቁ እንጂ!" አለችን። እናቴ ለመሳቅ ሞከረች።

አሁን የሴቶቹ ኮቴ ደጃፌ ላይ ሲቆም ሰማሁ። በሩ ተንኳኳ። አልከፈትኩም። አልጋዬን ቀስ ብዬ ማንጠፍ ጀመርኩ።