በዓይኔ ውስጥ የቀረችው ፀሐይ

«ጋሼ፣ አረንጓዴዋን መስቀል ይዩልኝ» አለችኝ ባለሙያዋ። ዛሬ ጠዋት መነጽር ልቀይር ደብረ ታቦር አንድ የዓይን ክሊኒክ ገብቼ አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፌ ነበር።

«የትኛዋን መስቀል?»

«መሐል ላይ ያለችውን ነዋ!»

በቀኝ ዓይኔ መሐል ላይ ምንም አልነበረም። ጥቁር ነገር እንኳ አልነበረም።

መሣሪያው የዓይንን የውስጥ ግድግዳ ንብርብሮች በብርሃን ያነሳል፤ ውፍረታቸውንም ይለካል። ከፀጉር ይቀጥናሉ። ምስሉን አሳየችኝ። መሐሉ ላይ ትንሽ የተቃጠለ ቦታ አለ፤ ቅርጹ ማጭድ ይመስላል።

«ሰኔ 2012 ፀሐይ የተጋረደች ጊዜ የት ነበሩ?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እዚሁ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ነበርኩ። ጨረቃ ስትጋርዳት ከፀሐይ የቀረው ልክ እንደዚያ ማጭድ ነበር። ያቺ ፀሐይ እስከ ዛሬ ዓይኔ ውስጥ ታትማ ኖራለች፤ ግራ ዓይኔ ስለሚያግዘው አላወቅኩም። (በዚያው ሳምንት ጋዜጣ ላይ «በባዶ ዓይን እንዳታዩ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።)

የተቃጠለው አይመለስም ተባልኩ። ያኔ አብረውኝ ያዩት ገበሬው አያ ታደሰ ትዝ አሉኝ። «ለአፍታ ምንም አይልም» ብያቸው ነበር። ከክሊኒኩ በር ላይ ደወልኩና ዓይናቸውን ተራ በተራ ሸፍነው እንዲያዩ ለመንኳቸው።

«ሚስቴ ደጅ ቆማለች። በዚህኛው ደኅና ናት። በዚያኛው… ነጠላዋ አለ፤ ፊቷ የለም። አንተ ሰው፣ ያን ቀን ምንድን ነው ያሳየኸኝ?»



ያን ጠዋት በባዶ ዓይናችሁ ሽቅብ ያያችሁ ካላችሁ፣ እናንተም ሞክሩና የጎደለባችሁን ጻፉልኝ።