ጤነኛ ናት

የኢንሹራንስ ቢሮው አዲስ አበባ ውስጥ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ አብሮኝ የመጣው ስለጠየቅሁት አይደለም። መሥሪያ ቤቴ ለአሥር ቀን ሥልጠና ጀርመን ሊልከኝ መሆኑን ከሰማ ጀምሮ ከጉዞው ጋር የተያያዘ ምንም ነገር ብቻዬን እንድሠራ አይፈልግም ነበር። ገርጂ ያለውን የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቁን ለግማሽ ቀን ዘግቶ፣ ለጁምዓ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አትላስ አካባቢ ባለ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለብኝ። አንደኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ወድቄ፣ አስተማሪዎቹ ክብሪት ጭረው ጭሱን ሲያሸቱኝ ልጆቹ ሁሉ ከበው አይተውኛል። ከዚያ በኋላ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ወላጆቼ ሰፈርም ትምህርት ቤትም ቀየሩልኝ፤ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ለማንም አልተነገረም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ነገሩን የሚያውቁት አባቴና ሐኪሜ ብቻ ናቸው። አባቴ በሽታውን በስሙ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። «ክኒንሽን ወሰድሽ?» ይላል፣ በቃ።

የኢንሹራንሱ ሠራተኛ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች። ሁለት ዓይነት ውል እንዳለ አስረዳችን። አንደኛው ኤምባሲው ለቪዛ የሚጠይቀውን ያሟላል፤ ከፓስፖርት ሌላ ምንም አይፈልግም፤ ነገር ግን ከጉዞው በፊት የነበረ በሽታ ቢነሳ አይከፍልም። ሁለተኛው ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሐኪም ደብዳቤም ይጠይቃል፤ ተቀባይነት ካገኘ ግን የቆየ በሽታ በድንገት ቢነሳ እንኳ የሆስፒታሉን ወጪ ይሸፍናል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከዚህ በፊት የሚታወቅ ሕመም እንዳለብኝ ጠየቀችኝ።

አፌን ሳልከፍት አባቴ መለሰላት። «ጤነኛ ናት። ቀላሉን ስጪን።»

ፎርሙን ራሱ ሞላው። አደጋ ቢደርስ የሚጠራው ሰው በሚለው ቦታ ላይ የራሱን ስልክ ጻፈ። እኔ ፈረምኩ። ሠራተኛዋ የውሉን ኮፒ ሰጥታን፣ አንብበን በሳምንቱ ውስጥ ክፍያውን እንድንጨርስ ነገረችን።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የማይሸፈኑ ሕመሞች ከሚለው ርዕስ ሥር አምስተኛው መስመር ላይ «የሚጥል በሽታ» ይላል። ትንሽ ወረድ ብሎ ስለ አስከሬን ወደ አገር መመለስ የሚገልጽ አንቀጽ ነበረ። ቋንቋውን በማላውቀው አገር፣ መንገድ ዳር ወይም ባቡር ጣቢያ ስወድቅ ታየኝ። ምን እንደሆንኩ የሚናገርልኝ ሰው የለም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ካሉት የሕንፃ ንድፎች ሥር ከተትኩት፤ ቀኑን ሙሉ ግን ዓይኔ ከዚያ አልተነሳም። ብልጭ ድርግም የሚል ሁሉ፣ አምፖልም ይሁን የኮምፒውተር ስክሪን፣ እንዳይጥለኝ ያስፈራኝ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ብቻዬን ወደ ኢንሹራንሱ ተመለስኩ። ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች አጠገቤ ተቀምጠው ስለነበር ለሠራተኛዋ የነገርኳት በሹክሹክታ ነው። አልሰማችኝም። ደገምኩላት። በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ምንም አልተለወጠም። እንግዲያው ሁለተኛውን ውል እንሞክር፣ የሐኪም ደብዳቤ አምጪልኝ አለችኝ። ሐኪሜ ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ጻፈልኝ። ከጣላት ከሁለት ዓመት በላይ ሆኗታል ይላል። የጻፈው እኔ የነገርኩትን ነው።

ደብዳቤውን ባስገባሁ በማግስቱ አባቴ ደወለልኝ። «ሱቅ ነይ» ብሎ ዘጋው።

አባቴ ስልክ ላይ በአጭሩ የሚጨርስ ሰው አይደለም። ከአትላስ እስከ ገርጂ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ምን ብዬ እንደማስረዳው ሳስብ ሄድኩ። ስደርስ አንዲት ሴትዮ ሳፋ እያማረጡ ነበር። እስኪሄዱ ቆምኩ። ከዚያ ዱካውን ስቦ እንድቀመጥ አደረገና «ከኢንሹራንሱ ተደውሎልኝ ነበር» አለኝ። ሐኪሙ መጨረሻ የጣለኝን ወር አልጻፈም፤ ሠራተኛዋም ያንን ለመጠየቅ ፎርሙ ላይ ያገኘችውን ቁጥር ደውላለች። የእሱን።

«ምን አልካት?»

«ሰኔ ላይ አልኳት።»

ያን ጊዜ ኅዳር ነበር። ሰኔ ውስጥ አንድ ጠዋት ራሴን የመኝታ ቤቴ ወለል ላይ ነው ያገኘሁት። ግንባሬ ደምቶ ነበር። ለአባቴ የቁም ሣጥኑ በር መታኝ አልኩት። ለሥልጠናው ታጭቼ ስለነበር፣ እንዳይከለክለኝ ብዬ ለሐኪሜም አልተናገርኩም። ማንም አያውቅም ብዬ ነበር።

«ስትወድቂ ሰምቼ ገባሁ» አለኝ። «እስኪያልፍ ድረስ ይዤሽ ነበር። ዓይንሽን መግለጥ ስትጀምሪ ወጣሁ። ማየቴን ብታውቂ ታፍሪያለሽ ብዬ።»

በዚያን ቀን «ጤነኛ ናት» ያለው ሰው አሁን ለምን እውነቱን እንደተናገረ ጠየቅሁት። ሠራተኛዋ «ስለ ልጅዎ የሚጥል በሽታ ነው የምደውለው» ስትለው የሆነ ቦታ ወድቄ የተደወለለት መስሎት ነበር። የት ነው ያለችው እያለ ጮኸባት። ደህና መሆኔን ስትነግረው አሁን እኔ የተቀመጥኩበት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ለጠየቀችው ሁሉ መለሰላት፤ መዋሸት ጨርሶ ትዝ አላለውም። ይህን ሲነግረኝ የሱቁን ቁልፍ በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። በሽታው እኔን ብቻ የሚያስፈራ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሜ ጋ አብረን ሄድን። የሰኔውን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። መድኃኒቱን ከፍ አደረገልኝ፣ አዲስ ደብዳቤ ጻፈ፣ እንቅልፍ እንዳላጎድል ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ስለ በሽታው የሚያውቅ ሰው አብሮኝ ካልሄደ ጉዞውን እንደማይፈቅድም ተናገረ።

ኢንሹራንሱ አዲሱን ደብዳቤ አይቶ አልተቀበለኝም። በቅርቡ ጥሏት ከነበረ ሁለተኛውን ውል መስጠት አንችልም አሉ። ሠራተኛዋ ይህን ስትነግረን አቀርቅራ ነበር። የቀረልን ያው የመጀመሪያው ውል ነው፤ እኔ የምፈራውን ብቻ የማይሸፍነው። አባቴ አሁን ትቅር እንደሚል እርግጠኛ ነበርኩ።

«ብትወድቅ ሆስፒታሉ አስቀድመሽ ክፈይ ይላታል?» ብሎ ጠየቃት።

ድንገተኛ ከሆነ አክመው በኋላ ነው የሚጠይቁት አለችው።

«ለኋላው ሱቁ አለ» አለና ቀላሉን ውል ከፈለ።

ለሥልጠናው አብራኝ የምትጓዘው በቢሯችን ለረጅም ዓመት የሠራች ኢንጂነር ናት። ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ቀጥሬያት፣ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ ሻንጣ ክብደት አወራኋት። መጨረሻ ላይ ሕመሜንና ሲጥለኝ ምን ማድረግ እንዳለባት ነገርኳት። ወዲያው ወንበሯን ከእኔ ታርቃለች፣ ነገ ደግሞ ቢሮው ሁሉ ያውቃል ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብዬ እንድደግምላት ለምና ስልኳ ላይ ጻፈችው። በጎን ማስተኛት፣ አፍ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መያዝ።

«ክብሪትስ?» አለችኝ።

ክብሪት አያስፈልግም አልኳት። እሱንም ጻፈችው።

ጀርመን ከደረስን በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ የሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ የግራ አውራ ጣቴ በራሱ መዝለል ጀመረ። ሊጥለኝ ሲል እንዲህ ነው የሚጀምረኝ። ክንዷን ነካኋት። ምንም ሳትጠይቀኝ ይዛኝ ወጣች፤ ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ በጎኔ አስተኝታ ኮቷን አጥፋ ከራሴ ሥር አደረገችልኝ፣ ሰዓቷን እያየች አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሰዎች ቆም ብለው እያዩ ያልፋሉ። የኢንሹራንሱ ውል አምስተኛ መስመር ብቻ ነበር የሚታየኝ። ጣቴ ዘለለ፣ ዘለለ፣ ከዚያ ተወው። አልጣለኝም። እስከ ቀትር ድረስ ግን ተነስቼ መቆም አልቻልኩም፤ ከፍርሃት ብቻ።

ስንመለስ አባቴ ከቦሌ ኤርፖርት ውጭ፣ ከተቀባዮቹ መሀል ቆሞ ጠበቀን። እኔን ከመሳሙ በፊት ወደ ባልደረባዬ ሄደ።

«ጥሏት ነበር?» አለ ጮክ ብሎ። አጠገቡ የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩን።

አልጣላትም፣ አንድ ቀን ብቻ አስደንግጦን ነበር አለችው። የትኛው ቀን እንደነበር፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ አንድ በአንድ ጠየቃት። የሻንጣውን ጋሪ ተቀብሎኝ እየገፋ፣ የምትነግረውን ጎንበስ ብሎ እያዳመጠ ከእሷ ጋር ከፊቴ ሄደ። እኔ ከኋላቸው ተከተልኩ።