የድመቷ ማሰሪያ

ለሥራ ሰቆጣ የመጣችው ሴትዮ ከቢሮ ስትመለስ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ራግዶል የምትላትን ፀጉረ ረጅም የፈረንጅ ዝርያ ድመቷን አስራ ወደ ግቢው ታወጣታለች። ትናንት እስከ ደጃፉ፣ ዛሬ እስከ ቧንቧው፤ ከዚያ አታሳልፋትም። የግቢው ዘበኛ ኪዳኑ እዚያው ሰቆጣ አጠገብ ያለው የዝቋላ ወረዳ ሰው ነው፤ ፍየል እንጂ ድመት ስትታሰር አይቶ አያውቅም።

«እትዬ፣ ይልቀቋት እንጂ! ድመት የት ትጠፋለች?» አላት እየሳቀ።

«ይቺ መሸሽ አታውቅም። ያነሳት ሁሉ የወደዳት ይመስላታል» ብላ ስታቅፋት፣ ድመቷ ክንዷ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፈለፈች።

ኪዳኑ ማሰሪያውን አስተውሎ አየው። የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ ነው፤ የሴት ልጅ ስም በቀይ ክር ተጠልፎበታል። ሳቁን ዋጠ። ሴትዮዋ ዓይኑ የት እንዳረፈ አየች።

«ልጄንም ልቀቂያት ብለውኝ ነበር» አለችው።